«ተልኳል» ይላል፣ ግን የት ገባ?

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ትንሽ ድረ ገጽ አለው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያለችው በወር በምንከራያት ሰርቨር ላይ ነው። የመዋጮ ደረሰኝ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የውሃ ፓምፕ ጥገና ሂሳብ በኢሜይል እንዲሄድ ተፈለገ። ቴሌግራም ምን አነሰው ብዬ ተከራክሬ ነበር። ሊቀመንበራችን ጋሼ «ቴሌግራም ወሬ ነው፣ ኢሜይል ደብዳቤ ነው» ብለው ዘጉት። ቤታቸውን አከራይተው ዱባይና አሜሪካ የሚኖሩትም ደረሰኙን በኢሜይል ነው የሚፈልጉት።

መጀመሪያ በአቋራጭ ሄድኩ። ገጹን የጻፍኩበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ የራሱ የኢሜይል መላኪያ አለው፤ አንድ መስመር ኮድ በቃ። ገጹ «ተልኳል» አለኝ፣ እኔም ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ ላክሁ ያልከው የት ገባ?»

ሁለት ሌሊት ኮዴን ስበረብር አደርኩ። ኮዱ ምንም አልሆነም። ያ «ተልኳል» ማለት ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ፖስትፊክስ የሚባል ኢሜይል አስተላላፊ ፕሮግራም ተረክቧል ማለት ብቻ ነበር። ወረፋውን ሳየው የሁሉም ሰው ደረሰኝ እዚያው ተኮልኩሏል። ሰርቨሮች ኢሜይል በሚቀባበሉበት በር፣ በፖርት 25 ልውጣ ይላል፣ መልስ አያገኝም፣ ይመለሳል። ለካ ሰርቨር አከራዮች ስፓም ላኪዎችን ፈርተው ይህን ፖርት መዝጋታቸው የተለመደ ነው። ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ሎግ መጀመሪያ ባየው ኖሮ የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር።

ቀጥሎ በራሴ ጂሜይል፣ በፓስዎርድ ተገብቶ ኢሜይል በሚሰጥበት በሌላው በር፣ በፖርት 587 ሞከርኩ። የዘወትር ፓስዎርዴን አልቀበልም አለ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቼ ለፕሮግራም ተለይቶ የሚሰጠውን ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስዎርድ ስወስድ ሠራ። ግን ላኪው እኔ ሆኜ ታየሁ። የፓምፑ ስሞታ በሙሉ የግል ሳጥኔ ውስጥ መዝነብ ጀመረ።

በመጨረሻ ኢሜይል ለማስተላለፍ የተቋቋመ አገልግሎት ውስጥ ገባሁና በራሳችን ዶሜን፣ ማለትም በድረ ገጻችን ስም፣ መላክ ጀመርን። ዋናው ሥራ የዶሜኑ መረጃ በሚመዘገብበት በዲኤንኤስ ላይ ነው። ኤስፒኤፍ በዶሜኑ ስም መላክ የተፈቀደለትን ይናገራል። ዲኪም ኢሜይሉ በመንገድ እንዳልተነካ የሚያሳይ እንደ ማኅተም ነው። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱም ከወደቁ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ያዛል። እኔ ነባሩ የኤስፒኤፍ መስመር ላይ ማስገባት ሲገባኝ ሌላ ሁለተኛ መስመር ጨመርኩ። ሁለት ሲሆኑ ተቀባዩ ስህተት ብሎ ሁለቱንም ይጥላል፤ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ጉግል ከየካቲት 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ማንም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ስለሚጠይቅ ይህ እንደ ድሮው በቸልታ አይታለፍም። ዲማርክን «ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ» በሚለው ነው የጀመርኩት። ጥሩ አደረግሁ።

አሁን ደረሰ። ግን ርዕሱ አይነበብም! «የሚያዝያ መዋጮ» ያልኩት ጭረትና ኮፍያ ያደረገ የላቲን ፊደል ዝርግፍ ሆኗል። ለመላኪያ የምጠቀምበት ፒኤችፒሜይለር የሚባል ዝግጁ ኮድ ካልነገሩት ጽሑፉን ሁሉ የአውሮፓ ፊደል አድርጎ ነው የሚያስበው። የእኛንም ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ 8 ተጠቀም ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ አለቀ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎቹ ይህን ብዙም አያነሱትም፤ ችግሩ የነሱ አይደለማ።

ጋሼ የደረሳቸውን የመጀመሪያ ኢሜይል ፕሪንት አስደርገው ደረጃው ላይ ለጥፈውታል።