ካሽ ያለው ማን ጋ ነው? ከድሬ እስከ ባቢሌ የያዝኩት ደብተር

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ የለውዝ ቅቤ ማዘጋጃ አለችኝ። ትንሽ ስል የምሬን ነው። አንድ መቁያ፣ አንድ መፍጫ፣ ሁለት ሠራተኛ። ለውዙን የማመጣው ከባቢሌ፣ ከጉርሱምና ከፈዲስ ነው። የእነዚያን አገር ለውዝ የቀመሰ ሰው ለምን ከሌላ ቦታ እንደማልገዛ አይጠይቀኝም።

ለውዝ አጥቼ አላውቅም። ያስቸገረኝ ብሩን ገበሬው እጅ ማድረሱ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ባቢሌ ያለው ሰብሳቢዬ፣ ከገበሬው ለውዝ የሚገዛልኝ ሰው፣ ደወለልኝ። "ዘጠኝ ኩንታል ተገኝቷል፣ ባለቤቶቹ አጠገቤ ቆመዋል፣ ብሩን ላክ" አለኝ። በስልክ ላክሁ። ደቂቃ አልፈጀም። "ገባልኝ" አለ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ድምፁ ተቀይሮ ደወለ። ስልክ ላይ ያለውን ብር ወደ ጥሬ ብር የሚቀይርለት ወኪል ጋ ሄደ፣ የመጀመሪያው ካሽ የለውም። ሁለተኛው ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ባንክ ሲገባ ደግሞ ያቺን የምናውቃትን ቃል ሰማ፦ "ሲስተም የለም።" ብሩ ስልኩ ውስጥ አለ። ግን ከገጠር በጠዋት ተነስቶ፣ ሸጦ፣ ዘይትና ስኳር ገዝቶ በጊዜ ሊመለስ ለመጣ ሰው ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ምን ይረባዋል? አመሻሽ ላይ ሌላ ነጋዴ ጥሬ ብር ይዞ መጣ። ዘጠኙም ኩንታል ሄደ። ገበሬዎቹን አልቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን ለዚያኛው ነበር የምሸጠው።

ያን ማታ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ከድሬ እስከ ባቢሌ፣ ከዚያም ወደ ፈዲስና ወደ ጉርሱም፣ ገንዘብ የሚወጣበትን ቦታ ሁሉ እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። አራት ወር ፈጀ።

የጀመርኩት እንደማንም ሰው ከስልክ ካርታ ነው። የባንክ ቅርንጫፎች ደህና አሉ፣ በተለይ ሐረርና ድሬ። ወኪሎቹ ግን የሉም ማለት ይቻላል። አይገርምም። ወኪል ማለት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሱቅ ነው። ሳሙና፣ ፓስታና የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ጎን ለጎን ብር ያስገባል፣ ያወጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ሱቅ በየከተማው በዝቷል። አንዱ ሲከፍት ሌላው ይተዋል። ይህን ተከትሎ ካርታ ላይ የሚያስገባ ሰው የለም።

ከካርታው በላይ ያስቸገረኝ ግን የቦታ ስም ነው። ኮምቦልቻ ብዬ ስፈልግ ስልኩ ወሎ ወሰደኝ። የእኔዋ ኮምቦልቻ ከሐረር በስተሰሜን ያለችው ናት፤ ጠዋት ሄጄ ለምሳ የምመለስባት። ሐረማያን ትልልቅ ሰዎች እስካሁን ዓለማያ ይሏታል። ፈዲስ የወረዳው ስም ነው፣ ከተማዋ ቦኮ ትባላለች። ጉርሱም የሚለኝ ሰው ሁሉ ማለቱ ፉኛን ቢራ ነው። ጉርሱምና ባቢሌ የሚባሉ ወረዳዎች ደግሞ በኦሮሚያም በሶማሌ ክልልም አሉ። ስለዚህ የደብተሩ የመጀመሪያ ዓምድ ለስም ብቻ ሆነ፦ የወረዳው፣ የከተማው፣ የድሮው፣ የአሁኑ። ለሰብሳቢዎቼ በስልክ ሳወራ የምጠቀመው እነሱ የሚሉትን ነው። ካርታ ላይ ስፈልግ ሌላውን።

ቀጥሎ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ፣ ምክንያቱም የጠየቅኩት የተሳሳተ ሰው ነው። ቢሮ ገብቼ ዝርዝር ስጡኝ አልኩ። ደብዳቤ ይዘህ ና ተባልኩ። ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።

የረዳኝ የሚኒባስ ረዳት ነው። ከድሬ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ሐረር የሚገባ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚመላለስ ልጅ የማያውቀው ሱቅ የለም። ሒሳብ የሚቀበለው በጥሬ ብር ነው፣ ማታ ወደ ስልክ ያስገባል፣ ወይ ቸኩሎ ያወጣል። አንዱን "አቦ፣ አወዳይ ላይ ካሽ የማይጠፋው ማን ጋ ነው?" አልኩት። ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ሾፌሩን ጠየቀ፣ ሾፌሩ ኋላ የተቀመጠችውን ሴትዮ ጠየቀ። ሐረር ሳንገባ አምስት ቦታ ጻፍኩ። አንዱም ካርታ ላይ አልነበረም።

ከዚያ እየወረድኩ በእግሬ ማየት። ስልኬ ላይ ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ ካርታ ጭኜ ነበር። ቦታህን የሚያነበው ከሳተላይት ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ምልክት ማድረግ ይቻላል። ሐረማያና ባቢሌ ላይ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስጫን ልክ ይመጣል። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ግን ጉድ አየሁ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ግንቡ ከግራም ከቀኝም ይዞሃል፣ ምልክቷ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ትወጣለች። እዚያ ካርታውን ትቼ በሰው አነጋገር ጻፍኩ፦ "በሸዋ በር ገብተህ፣ መኪና ግርግርን ስትጨርስ በስተግራ፣ አረንጓዴ በር።" ሐረርን ለማያውቅ ሰው፣ መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ራሱ ይመራሃል። በነገራችን ላይ አረንጓዴው በር በኋላ ሰማያዊ ተቀባ፣ ሰብሳቢዬም ግማሽ ሰዓት ዞረ። ከዚያ ወዲህ ቀለም አልጽፍም። መስጊድ፣ መናኸሪያ፣ ትልቅ ዛፍ፣ እነዚህን ነው የምጽፈው።

በሁለተኛው ወር ደብተሩ ሠላሳ ስምንት ቦታ ያዘ። ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ልሞክረው ብዬ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጋ ደወልኩ። አሥር ሺህ ብር አሁን መስጠት ትችላላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። እችላለሁ ያሉኝ ዘጠኝ ናቸው።

ይህ ነው ሥራውን እንደገና ያስጀመረኝ። የወኪል ነገር እንዲህ ነው፦ ብር ስታወጣ ከስልክህ ወደ እሱ ሒሳብ ይገባል፣ እሱ ከመሳቢያው ጥሬ ብር ይሰጥሃል። መሳቢያው ባዶ ከሆነ ሒሳቡ ላይ ሚሊዮን ቢኖር አይጠቅምህም። ለማስገባት ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብር ታስረክበዋለህ፣ ሒሳቡ ላይ ከሌለው ሊልክልህ አይችልም። መሳቢያው ሲጎድል ባንክ ሄዶ መሙላት አለበት፣ ባንክ የሌለባት ከተማ ከሆነች ደግሞ ሱቁን ዘግቶ መኪና መሳፈር ነው። "ካሽ የለም" የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸህ አይደለም።

ስለዚህ "ወኪል የት አለ" የሚለውን ትቼ "በዚህ ከተማ በዚህ ሰዓት ጥሬ ብር ማን እጅ ይገባል" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ከተማ በከተማ ይለያያል። አወዳይን ውሰድ። የጫት ከተማ ናት፣ ብር እንደ ውኃ ይፈስባታል። ግን ብሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ጫት ያመጣው ገበሬ ጋ ነው። ገበሬው ሸምቶ ሲመለስ ነው ባለ ሱቁ መሳቢያ የሚሞላው። በማለዳ የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ቆይቶ የሄደ ያገኛል። ባቢሌ ላይ የተሻለችኝ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የምትሸጥ ሴትዮ ናት። የቀን ሽያጯን ጥሬ ብር ቤቷ ማሳደር አትወድም። እኔ ሒሳቧ ላይ ብር ስልክላት እሷ ለሰብሳቢዬ ጥሬውን ትሰጣለች፣ ለእሷም የባንክ ሰልፍ ቀረላት። መደርደሪያዋ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ሱቆች የተለየ ምንም የለም፤ ባይነገረኝ ኖሮ አልፌያት እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ስገባ በአማርኛ ነበር የጠየቅኳት። "የለም" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። በሁለተኛው ሳምንት ከሰብሳቢዬ ጋር ተመልሼ፣ "አዴ፣ ቃርሺን ጂራ?" አልኩ፤ እናቴ፣ ብር አለ? ማለቴ ነው። ኦሮምኛዬ የድሬ ልጅ ኦሮምኛ ነው፣ ግማሹ ሳቅ ያስነሳል። ሳቀች። ወንበር ሰጠችኝ። ያን ቀን ብር አልጠየቅኳትም፣ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። በደብተሩ ላይ "ከማን ጋር ሄድክ" የሚል ዓምድ የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዓትም አለ። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባል። ሱቁ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቢዘጋ ለማንም ብርቅ አይደለም። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት አለ። በረመዳን ቀኑ በሙሉ ይገለበጣል፤ ከሰዓት በኋላ የሚተኛው ወኪል ማታ ከተራዊሕ በኋላ ክፍት ነው። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከመላው አገር ሕዝብ ሲመጣ ደግሞ ቁልቢና ጨለንቆ ላይ ኔትወርኩም መሳቢያውም ይጨናነቃል፤ በዚያ ሰሞን በዚያ በኩል ክፍያ አልይዝም። የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓትንም መርሳት የለብህም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ባለ ሱቅ "ነገ ና" ቢልህ አትከራከረው።

የኢንተርኔት ነገር ብዙ አላስጨነቀኝም። መተግበሪያው እምቢ ሲል ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብር በ*847# ይሠራል፣ ተራ ስልክም ይበቃል። ሰብሳቢዎቼን በቁጥሩ እንዲለምዱት አድርጌያለሁ።

አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ፣ ልናገረው። ደብተሩ ሲያምርልኝ ፎቶ አንስቼ የነጋዴዎች የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፍኩት። ስልክ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ "ካሽ አያጣም" የሚለው ሁሉ አለበት። በሁለተኛው ቀን ሐረማያ ያለ ወኪል ደውሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ማን ሱቅ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ለማያውቁት ሕዝብ መጻፍ ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። ወዲያው አጠፋሁት፣ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኩ። አሁን የብሩን መጠን የምይዘው በራሴ ምልክት ነው፦ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ነጥብ። ስልክ ቁጥር ደግሞ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ አልሰጥም።

ሌላው፣ ሰብሳቢዬ ፒኑን ለወኪል ነግሮ "አንተው አውጣልኝ" ሲል በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምንም አልጠፋም፣ ሰውየው ጨዋ ነው። ግን ያን ዕለት መንገድ ላይ እስኪሰለቸው ነገርኩት።

አሁን ደብተሩ ወደ ሃያ ሦስት ቦታ ወርዷል። ከሠላሳ ስምንቱ ያነሰ ነው፣ ግን የምሠራበት ይህ ነው። በየከተማው ቢያንስ ሁለት ሰው አለኝ፣ ትልቅ ብር ሲሆን ለሁለቱ አካፍዬ እልካለሁ። ከመላኬ በፊት እደውላለሁ። ሰብሳቢዬም ኩንታሉን ከማስመዘኑ በፊት ብሩን ያወጣል፣ ገበሬው ዓይኑ እያየ ይቆጠርለታል። ቦኮ ላይ ግን እስካሁን ሁለተኛ ሰው አላገኘሁም። ገጹ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ።

ትናንት ማታ ከባቢሌ ተደወለልኝ። ባለ ዱቄቷ ናት።

"አንተ ልጅ፣ ቅዳሜና እሑድ የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ። አልከፍትም። ጻፍ።"

"እሺ አዴ፣ ጻፍኩ።"

"ሰኞም አትጠብቀኝ፣ እንደ ሰርጉ ነው።"

እሱንም ጻፍኩ።