ደቻቱ ላይ የተዘራ ማሽላ

ድሬዳዋ ውስጥ በልብ ሕሙማን ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ተራ ለሚጠብቁ ታካሚዎች የጤና ትምህርት እሰጣለሁ። ርእሴ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ነው። ጨው ደግሞ እኔንም እነርሱንም ሰልችቶናል።

አንድ ሐሙስ ታዲያ ስለ ስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት የሰውነት ሕዋስ መለወጥ ስለሚችለው ሕዋስ፣ አወራሁ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን የቆዳ ሕዋስ ወደ ፅንስ መሰል ጠባዩ እንደመለሱ፣ በ2012 ኖቤል እንደተሸለሙ፣ ከእንዲህ ያለ ሕዋስ የተገኘ የልብ ጡንቻ በሳህን ላይ ብቻውን እንደሚመታ ነገርኳቸው። በ2020 ኦሳካ ውስጥ ከእነዚህ ሕዋሳት የተሠራ ስስ ሽፋን የታማሚ ልብ ላይ መለጠፉንም ጨመርኩ። ዓይኖቻቸው በሩ። እዚያው ላይ አቁሜ ካርድ መጥራት ጀመርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፊራ ገበያ እህል ይነግዱ የነበሩ አንድ አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው ከባጃጅ ወረዱ። እግራቸው ጫማ አልገባ ብሎ ተረከዙን ረግጠውታል። ቅልጥማቸውን በጣቴ ብጫነው የገባው ጉድጓድ አልሞላ አለ። ልጃቸው ከፌስታል መድኃኒቱን አወጣ፤ ክኒኖቹ ከነማሸጊያቸው ናቸው።

«አባባ፣ ምነው?»

«አዲስ ልብ እየመጣ አሮጌውን ምን ያስጠግነኛል፣ ሲስተር? አንቺው አይደለሽ ያልሽው?»

ልጁ ለካ ውጭ አገር ሕዋስ በመርፌ የሚሰጥ ቦታ አግኝቶ፣ ለሱቃቸው ገዢ እያፈላለገ ኖሯል።

ተኝተው ውሃው ከሰውነታቸው መውጣት ሲጀምር አጠገባቸው ተቀምጬ ያስቀረሁትን ግማሽ ነገርኳቸው። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ የጡንቻ ሕዋስ ሊሞት ይችላል፤ ቦታውን ጠባሳ ይወርሰዋል። ልብ በራሱ የሚተካው በዓመት ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። በመርፌ የሚገባው ሕዋስ ደግሞ አይቆይም፤ ልቡ ሲኮማተር ጨምቆ ያስወጣዋል፣ ደሙ ይወስደዋል። በቀናት ውስጥ አብዛኛው የለም። የቀረውም ጠባሳው ውስጥ በቂ ደም አያገኝም።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ «ደቻቱ ላይ የተዘራ ማሽላ በይኛ!» አሉ። ደቻቱ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው፣ ዝናብ ሲጥል በጎርፍ የሚሞላው ወንዝ ነው።

ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ አልነበረም። ሽፋኑም የተፈለገው ጎርፉ ዘሩን እንዳይጠርገው ነው።

«ቢይዝስ?»

ከባዱ ጥያቄ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት የተጎዳ የጦጣ ልብ ውስጥ አንድ ቢሊዮን የሰው የልብ ጡንቻ ሕዋስ ተተከለ። ያዘ፤ ግን የልቡ ምት ተዛባ። ሠርግ ላይ ሁሉም በአንድ ምት ሲያጨበጭብ አንድ እጅ ከምቱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ስነግራቸው ሳቁ፣ ሳሉም።

ለልጁ ሌላ ነገር ነገርኩት። ሕክምናው ገና በየሆስፒታሉ የሚሰጥ መደበኛ ሕክምና አልሆነም፤ እውነተኛ የምርምር ሙከራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሚሞከረው ሕክምና ታካሚውን አያስከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሃርቫርድ በዚሁ ዘርፍ ከአንድ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች የተጭበረበረ መረጃ አለባቸው ብሎ እንዲሰረዙ መጠየቁን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ ሱቁን ሊገዛ ለነበረው ሰው ደወለ።

አዛውንቱ አሁን በየወሩ ይመጣሉ። ባዶ ማሸጊያዎቹን ሳልጠይቃቸው ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድራሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጃፓኖቹ ጎርፉን ገደቡት?» ይሉኛል።