ማንቼ 15ኛ የወጣበት ዓመት

በዚያ ዓመት ተረቡ ከጠዋት ነበር የሚጀምረው። ባጃጅ ውስጥ ስገባ የአርሴናል አርማ ተለጥፎ አያለሁ፤ ሾፌሩም እንዴት እንደሆነ አላውቅም ማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ መሆኔን ያውቃል። «አቦ፣ ዘንድሮ ልትወርዱ ነው እንዴ?» ይለኛል። እናንተስ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ መውጣት አልሰለቻችሁም ብዬ እመልሳለሁ እንጂ ውስጤን ያመኛል። 2024/25 ላይ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 15ኛ ነው የጨረስነው። 42 ነጥብ፣ 18 ሽንፈት። የያኔው አሰልጣኛችን አሞሪም ራሱ በሜዳችን በብራይተን 3ለ1 ከተሸነፍን በኋላ በክለቡ ታሪክ ምናልባት ከሁሉ የባስን ቡድን ሳንሆን አንቀርም ብሏል። አሰልጣኙ እንዲህ ካለ እኔ ምን ብዬ ልከራከር?

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ ድሬ ላይ አብዛኞቻችን ማንቼን የያዝነው ሲያሸንፍ አይተን ነው። በ1999 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርንን በባከነ ሰዓት ሁለት አግብቶ ጉድ ሲሠራው፣ ከዚያ በኋላም ዋንጫ በዋንጫ ሲሆን። ያኔ መደገፍ ምን ወጪ አለው? አሰልጣኙ ፈርጉሰን በ2013 ሲሄድ ነው ሰው የለየው። የማንችስተር ሲቲ ደጋፊ የሆነ አለ፣ ኳስ ጭራሽ ያቆመም አለ። ለእኔ ደጋፊነት የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

የዩሮፓ ሊጉን የሊዮን ጨዋታ መቼም አልረሳውም። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ጉልባኔን በልቼ ከዚራ ወዳለው ዲኤስቲቪ ቤት ስሄድ እናቴ «በዚህ ቀን?» አለችኝ፣ ዝም ብዬ ወጣሁ። ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው፣ ክርስቲያኑ ብዙም የለም። 2ለ0 መርተን 2ለ2 ሆነ፣ ጭማሪው ሰዓት ላይ ደግሞ 4ለ2 ተመራን፣ እነሱም በ10 ሰው ነው የሚጫወቱት። ሰው እየተሳደበ መውጣት ጀመረ፣ ባለቤቱም የፕላስቲክ ወንበሮቹን መደራረብ ያዘ። ከዚያ ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ሜይኑ፣ ማጓየር በግንባሩ። 5ለ4! አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰውዬ የጫት ከረጢቱን እንደያዘ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። የወጡት ጩኸቱን ሰምተው ከመንገድ ሲመለሱ በር ላይ ቆመን «አትገቡም!» አልናቸው።

ፍጻሜውን ቢልባኦ ላይ በቶተንሃም 1ለ0 ተሸነፍን። እሱን እንተወው።

በ1974 ማንቼ ወርዶ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በተጫወተበት ዓመት ከአንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ሁሉ የበለጠ ተመልካች ነበረው፣ በአማካይ ከ48 ሺህ በላይ። ይህንን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ የከተማችን ክለብ የድሬዳዋ ከነማ ደጋፊ ነው፣ ብርቱካናማ ማልያውን ለብሶ በዚያ ፀሐይ ድሬዳዋ ስታዲየም የሚቀመጥ ሰው። «እነሱ እኮ የሰፈራቸውን ክለብ ነው ያዩት። አንተ ኦልድትራፎርድን በሕልምህም አላየኸው። የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳው ሉቺያኖ ቫሳሎ ለዚህችው ከተማ ክለብ ለኮተን ተጫውቷል፣ አንተ ለማጓየር ታለቅሳለህ» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከነማ በሜዳው ሲጫወት አሁን አብሬው እገባለሁ። እሱም ማታ ማታ የማንቼን ጨዋታ አብሮኝ ያያል፣ ስንሸነፍ ለመሳቅ።