«ለከርሞ እንገባለን»

የእንግሊዝኛው ልቦለድ ደራሲ የካዙኦ ኢሺጉሮ ወላጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው የወጡ ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1960 የውቅያኖስ ተመራማሪው አባት ለአጭር ጊዜ ሥራ እንግሊዝ ሲጋበዙ ቤተሰቡ ከናጋሳኪ ተነሥቶ ጊልድፎርድ አረፈ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። የቀረውን ስደት ላይ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ለከርሞ እንገባለን» እየተባለ ከርሞ ሌላ ከርሞ ወለደ።

ልጁ ተመላሽ ሆኖ ነው ያደገው፤ ቤት በጃፓንኛ፣ ደጅ በእንግሊዝኛ። በየወሩም የልጆች መጽሔት የታጨቀበት ጥቅል ከጃፓን ይመጣለታል። በጥቅሉና በትዝታ የገነባት አገር ሃያዎቹን ሲያጋምስ ትደበዝዝበት ጀመር። ሳትጠፋ ወረቀት ላይ ላስፍራት ብሎ መጻፉን በ2017 የኖቤል ንግግሩ ተናግሯል። የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1982 ወጣ፤ ጃፓንን ዳግም የረገጠው ግን በ1989 ነው። ቀድሞ ሄዶ ቢሆን መጽሐፉ መጻፉን እንጃ። የጃፓናዊውን ፊልም ሠሪ የኩሮሳዋን የቶኪዮ ቢሮ ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ ለንደን አምጥቶ በጻፈውና በ2022 በወጣው ፊልም ደግሞ ለኦስካር ታጭቷል።

ስደት ላይ ለሚጽፍ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ አንድ እንግሊዛዊ አሽከር የሚተርከውን «The Remains of the Day» የተሰኘ ልቦለዱን ያረቀቀበት የ1987 በጋ ነው። ዝናው ግብዣ አብዝቶበት አንድ ዓመት ያህል ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም። ከሚስቱ ከሎርና ጋር ተማክሮ ለአራት ሳምንት በሩን ዘጋ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ይጽፋል፤ ለምሳ አንድ፣ ለእራት ሁለት ሰዓት ያርፋል። ሲደመር 250 ሰዓት ግድም ነው። ደብዳቤ አይከፈትም፣ ስልክ አይነሣም፣ እንግዳ አይገባም። የከሰዓቱ ከጠዋቱ ቢቃረን፣ ምልልሱ ቢያስጠላ፣ ተመልሶ አያርምም። በመጀመሪያው እሑድ ሲወጣ የለንደኑ የሲደናም መንገድ ተዳፋት መሆኑ ብቻ ያስቀው ነበር!

ሲኮርጁት የሚበላሸው ዝግጅቱ ሲዘለል ነው። ስለ እንግሊዝ አሽከሮችና ስለ ዘመኑ ፖለቲካ አስቀድሞ አንብቦ ጨርሷል። ደመወዝተኛነቱንም ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ፈረቃ የሚገባ ሰው አራት ሳምንት ከየት ያመጣል? የእሱን ተራ ምግብና የቤት ሥራ የሸፈነችው ደግሞ ሎርና ናት፤ እሷን ዘሎ የሚወራ ጀብዱ ጎዶሎ ነው።

የወጣውም ረቂቅ ነው፤ ወጉን እስኪይዝ ገና ብዙ ሥራ ጠይቋል። አልቋል ካለ በኋላ እንኳ አንድ የቶም ዌይትስ ዘፈን ሰምቶ ተመለሰና፣ ስሜቱን አፍኖ የኖረው አሽከር ልቡ መሰበሩን ለአፍታ የሚገልጥበትን ቦታ ጨመረበት። መጽሐፉ በ1989 ታትሞ ታዋቂውን የብሪታንያ የልቦለድ ሽልማት ቡከርን አሸነፈ።