ቡዳ የሚለው ቃል በእኛ ቤት

ባለፈው ሰኞ ከአጎቴ ጋር ባቲ ገበያ ዋልኩ። አጎቴ የአያቴን ሙያ ይዘው እስከ ዛሬ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ እየቀጠቀጡ ይሸጣሉ፤ ወናፉን የሚያናፋላቸውም ልጃቸው ነው። ረፋዱ ላይ ገበያው ቀዝቀዝ ቢልባቸው፣ አጠገባቸው ማጭዱን ዘርግቶ ወደተቀመጠው የሙያ ባልንጀራቸው ዞረው «አንተ ቡዳ፣ ዓይንህ ገበያዬን በላው እኮ!» አሉት። እሱም ሳይዘገይ «አብሽር፣ አንተን ለራት ነው ያስቀመጥኩህ» ብሎ መለሰላቸውና ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የማጭድ ስለት በአውራ ጣቱ ሲሞክር የነበረ አንድ ገዢም አብሯቸው ሳቀ። አጎቴ የእሱን ሳቅ ሲሰሙ የራሳቸውን ቆረጡት፤ «ዋጋው ያው ነው» ብለው ማጭዱን ከእጁ ተቀበሉት።

ያንን ቃል እኛ እርስ በርሳችን ስንጠራራበት ንቀት ነው ወይስ ጨዋታ እያልኩ ማታውን ሁሉ ሳሰላስል አመሸሁ። አያቴ በነበሩበት ዘመን የጎረቤት ልጅ ታሞ ጭስ ሲታጠንና «ማን በላህ?» እየተባለ ሲጠየቅ፣ ልጁ በልፍለፋው መካከል የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ የእሳቸው ነበር። እንግዳ ገባ ሲባል ወተቱን የምትሸፍን እናት ማረሻዋን የምታሠራው ግን እሳቸው ዘንድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ በርስት ሥርዓት መሬት ያልነበራቸው አያቴም ማሳ ያገኙት ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ማሳው መጣ፣ ስሙ ግን አልሄደም። እንዲህ ያለውን ቃል ሁለት ቀጥቃጮች አንሥተው ቢሳሳቁበት፣ የተወረወረባቸውን ድንጋይ አንሥተው መዳፋቸው ላይ እንደማገላበጥ ይመስለኛልና በዚህ ልወቅሳቸው አልደፍርም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዐምና የአክስቴ ልጅ የአንድ ቆዳ ፋቂ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላኩልኝ ባለ ጊዜ፣ አክስቴ ቡና እያፈሉ «ብረት የሚያቀልጥ ሰው ቆዳ ከሚፍቅ ጋር አይጋባም፤ እነሱማ የለየላቸው ቡዳ ናቸው» አሉ። ረከቦቱ ፊት ከተቀመጥነው መካከል የሳቀ አልነበረም። ቃሉ ያው የእኛው ቃል፣ የተናገሩትም በዚሁ ቃል ሲሸሹ ያደጉ ሴት ናቸው፤ ይሁንና በዚያች ቅጽበት ገዢው ገበያ ላይ ከሳቀው ሳቅ ይልቅ የከበደ ንቀት ነበረበት፤ ምክንያቱም አንዲት ልጅን ከደጅ ለመመለስ የተነገረ ነው። ከተናቁት ወገን መወለድ ለመናቅ ፈቃድ የሚሰጥ ይመስል፣ እኔም አቦሉን ፉት እያልኩ ዝም አልኩ። እንዲያውም አክስቴን ላለማስቀየም ራሴን ነቅንቄያለሁ መሰለኝ። ልጁም ነገሩን ተወው፤ ልጅቱንም ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጎቴን ለምን ሳቃቸውን እንደቆረጡ ጠየቅኳቸው። «እኛ ስንባባል ማን ማንን እንደሚያውቅ እናውቃለን፤ ያ ሰውዬ ከየት ያውቀኛል?» አሉኝ። መልሱ ቅን መሰለኝና ደፈር ብዬ «ያቺን የፋቂ ልጅስ እኛ ከየት እናውቃታለን?» አልኳቸው። አክስቴን ደግፈው የተናገሩት እሳቸው እንደነበሩ ሁለታችንም እናስታውሳለን። አጎቴ ጥቂት በመስኮቱ ሲያዩ ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ያልተሸጡት ማጭዶች ያሉበት ጆንያ አፉ መታሰሩን እንዲያይ አዘዙት።