ሐንስ ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ «ዲያስፖራ ነው፣ ለሦስት ሳምንት ነው የመጣው፣ ሽማግሌ ልላክ ይላል፤ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። «ፍሮዝንን አይተሻል?» አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት ተቀየመች።

የ2013ቱን የዲዝኒ የካርቱን ፊልም ማለቴ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ሴት ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። በልጄ ልደት ቀን ከክፍሏ ልጆችና ከእናቶቻቸው ጋር ተሰብስበን እያየነው ነው። ልዕልት አና ሐንስ የሚባል ልዑል ባገኘችበት ዕለት ማታ «ልንጋባ ነው» ብላ እህቷ ፊት ትቀርባለች። እህቷ ንግሥት ኤልሳ ደግሞ ገና ዛሬ የተዋወቅሽውን ሰው አታገቢም ብላ ትከለክላታለች። ይኼኔ ልጄ ጮክ ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እማዬም እንዲህ ነው ያገባችው!» አትልም! ባሌን በቅጡ ያየሁት ሽማግሌ ከመጣ በኋላ መሆኑን ከኔው ከራሴ ሰምታ ነው።

ቤቱ ጭጭ አለ። አንዷ እናት በአንድ እጇ የኬክ ሳህን እንደያዘች ሌላውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «አስገድደውሽ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔን! አባቷ ሽማግሌዎቹን «ዘመድ እንማከር» ብሎ ሁለቴ የመለሰላትን ሴት! አና እንኳን ሁለቴ፣ አንዴም «ቆዩ» የሚልላት አባት አልነበራትም። አዛኟስ ብትሆን የአሁኑን ሰውዬዋን ያገኘችው ስልኳ ላይ በመተዋወቂያ አፕ የወንድ ፎቶ በጣቷ እየገለበጠች ነው። እሱ ነፃነት ነው፤ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በር ሲያንኳኩ ግን ፖሊስ ሊጠራ ነው።

ይሁን። ፊልሙ ግን እኛንም አልማረንም። ሐንስ የንጉሥ ልጅ ነው፤ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ። ሽማግሌ ቢልክ የትኛው አባት ይመልሰዋል? አሥራ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ስላሉበት አገሩ ላይ ዙፋን አይደርሰውም፤ አናን የፈለጋትም ለዙፋኗ ነው። ይኼ ሰባት ቤት ቢቆጠር አይገኝም። አና በመጨረሻ የምትወደው ክሪስቶፍ ደግሞ በረዶ ቆርጦ የሚሸጥ፣ ከአጋዘኑ ጋር አንድ ካሮት የሚካፈል፣ ድንጋይ የሚመስሉ ፍጡሮች ያሳደጉት ልጅ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት ምን ሊመልስ ነው? ከበር ይመለስ ነበር። እሱ ግን አናን ከመሳሙ በፊት ፈቃዷን ይጠይቃል። የተሰበረበትን የበረዶ ጋሪ በአዲስ የተካችለትም እሷ ናት። ጥሎሽ ከሴት ወገን! ባሌ ይቺን ቦታ ሲወዳት።

በኤልሳ አስማት የቀዘቀዘውን የአናን ልብ ከበረዶ ያወጣውም የወንድ መሳም አይደለም፤ ለእህቷ ብላ ሰይፍ ፊት መቆሟ ነው። እዚህም ትዳር ሲፈርስ ቤዝመንቷን የምትለቅልሽ እህት ወይ ጓደኛ ናት።

እዚያ ያላችሁ እህቶቼ፣ በእጮኛ ቪዛ የመጣች ሴት በ90 ቀን ውስጥ ካልተጋባች መመለስ አለባት። አና አንድ ቀን፣ እናንተ 90 ቀን። ሽማግሌው ዘሩን ይጠይቅ፤ እናንተ እሱ የማይጠይቀውን ጠይቁ። ሌሊት ነው ቀን የሚሠራው? ኪራዩን ከማን ጋር ነው የሚከፍለው? ሥራ ስትገቢ ልጅ ማን ይይዛል? ፓስፖርትሽስ ማን ዘንድ ይቀመጣል? «እኔ ዘንድ ይሁን» ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ይሂዱ።