የአኒሺናቤ ወጣቶችን ላይፍጋርድ ሳሠለጥን የተማርኩት

ካናዳ ውስጥ የዋናና የነፍስ አድን አሠልጣኝ ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ዋና የተማርኩት ግን ቶሮንቶ ከመጣሁ በኋላ፣ ጎልምሼ ነው። ያለፉትን ጥቂት ሰመሮች፣ ማለትም የካናዳን ሞቃት ወራት፣ ማኒቱሊን ደሴት ላይ የአኒሺናቤ ወጣቶችን ላይፍጋርድነት፣ ዋናተኞችን የመጠበቅና የማዳን ሥራ፣ በማሠልጠን አሳለፍኩ። ማኒቱሊን ሂዩረን ሐይቅ ውስጥ ነው ያለችው፤ በዓለም ላይ ሐይቅ ውስጥ ካሉ ደሴቶች ትልቋ ናት። አኒሺናቤዎች ደግሞ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ሥልጠናውን እንዴት እንደሠራነው የሚጠይቁኝ ስለበዙ እነሆ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አያቶች ነው። በአኒሺናቤ ባህል ውሃን የመጠበቅ አደራ የሴቶች ነው። የዚያው ደሴት ተወላጅ የሆኑት ጆሴፊን ማንዳሚን በ2003 በመዳብ ባልዲ ውሃ ይዘው የሱፒሪየርን ሐይቅ ዙሪያውን በእግራቸው ዞሩት። በኋላም ሌሎቹን ታላላቅ ሐይቆች ዞሩ። ያረፉት በ2019 ነው። ዘመዳቸው ኦተም ፔልቲየር በ2018፣ ገና በ13 ዓመቷ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ቆማ ስለ ውሃ ተናግራለች። ልጆቹ የሚያድጉት ይህን እየሰሙ ነው። እነሱ ፊት ቆሞ «ውሃ አደገኛ ነው» ብሎ ትምህርት መጀመር እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሥልጠናውን የሚጀምሩት አንዲት አያት ናቸው። ልጆቹ ኖኮሚስ ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው። ትንሽ ትምባሆ በግራ እጃቸው ይይዙና ሐይቁን አመስግነው ውሃው ላይ ያኖሩታል። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ከዚያ ስለ ነፋሱ ይነግሩናል። ከየት ሲዞር ማዕበል እንደሚያመጣ፣ የትኛው ጥግ ላይ ወለሉ በአንዴ እንደሚከዳ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አሸዋው ላይ በእንጨት ሥለው አሳዩን። ልጆቹ ሥዕሉን ወረቀት ላይ ገለበጡት፤ የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችን የተሠራው በዚያ ካርታ ላይ ነው። የትኛውም ማኑዋል ያንን የውሃ ዳር እንደ እሳቸው አያውቀውም።

አኒሺናቤዎች የሰባቱ አያቶች ትምህርት የሚሉት አለ። ጥበብ፣ ፍቅር፣ አክብሮት፣ ጀግንነት፣ ሐቀኝነት፣ ትሕትናና እውነት። እያንዳንዱን ልምምድ ከአንዱ ጋር አያያዝነው። ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደብን ጀግንነት ነው። ወጣት ጓደኛው ሲሰጥም ካየ ዘሎ ይገባል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ያገኘውን አንቆ ይይዛል። ሁለት ሰው አብሮ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። በነፍስ አድን ትምህርት ቅደም ተከተል አለ፦ ተናገር፣ ረጅም ነገር አቀብል፣ ወርውር፣ በጀልባ ቅረብ፤ ዋኝተህ መግባት መጨረሻ ነው። ይህን እኔ ብቻዬን ብናገረው ፈሪነት መስሎ ይታያቸው ነበር። ኖኮሚስ ግን «ጀግና ማለት ሰውየውንም ራሱንም ወደ እናቶቻቸው የሚመልስ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የመወርወሪያውን ገመድ የሚንቅ አልነበረም። አንዲት ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ ስትለማመድ ዋለች። የገመዱን ጫፍ በግራ እጇ ትይዛለች፣ ከረጢቱን ከታች ወደ ላይ ትወረውራለች፣ ገመዱ ተጎጂውን በሚጫወተው ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ካላረፈ ሰብስባ እንደገና ትጀምራለች።

ትሕትናን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አገናኘነው። 1-10-1 የሚባል ሕግ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አለው። እጅና እግሩ የሚታዘዙለት 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሰውነቱ በርዶ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን ይህን አይለውጠውም።

መለኪያው ላይ ድርድር የለም። የካናዳ የነፍስ አድን ምስክር ወረቀት በደረጃ ነው፦ ብሮንዝ ሜዳሊየን ከ13 ዓመት ጀምሮ ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ብሮንዝ ክሮስ፣ ከዚያ ናሽናል ላይፍጋርድ። ለናሽናል ላይፍጋርድ የገንዳ ፈተና 400 ሜትር በ10 ደቂቃ መዋኘት፣ 9 ኪሎ የሚመዝን ዕቃም ጠልቆ ማውጣት ግድ ነው። ባህል ሲገባ ደረጃው ይወርዳል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በፍጹም አይወርድም። ልጆቹ የበለጠ ሲለፉ ነው ያየሁት፣ ምክንያቱም የሚፈተኑት አያቶቻቸው ፊት ነው።

መሪነቱን በየቀኑ ለአንድ ወጣት እንሰጣለን። ተረኛው ጥበቃውን ይመድባል፣ ባንዲራውን ይሰቅላል፣ ማታ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ውይይቱን ይመራል። በሞቃት ቀን፣ ዳርቻው በሰው ሞልቶ ሳለ፣ የ16 ዓመት ተረኛችን ነፋሱ ሲዞር አይታ የመዋኛውን ቦታ ዘጋችው። ትልልቅ ሰዎች ቅር አላቸው፤ አንዳንዶቹም ወደ እኔ መጡ። ኖኮሚስ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ዛሬ የምታዘው እሷ ናት» አሉ። በቃ፣ ሁሉም ከውሃው ወጣ።

ከውጭ ለሚሄድ አሠልጣኝ ግን አንድ ነገር ማወቅ የግድ ነው። ካናዳ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቤተሰብ እየነጠለች አዳሪ ትምህርት ቤት ስታስገባ ኖራለች። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። «ልጆቻችሁን ላሠልጥን» የሚል እንግዳ ሲመጣ ቤተሰብ የሚጠነቀቀው በምክንያት ነው። እኛም ልጆቹ ማታ ማታ ቤታቸው የሚገቡበትን ቦታ መረጥን። እናትም አያትም በፈለጉት ሰዓት መጥተው ይቀመጣሉ። ሳይጠሩ መምጣታቸው ለእኔ ትልቁ ፈቃድ ነበር።

ይህንኑ አሁን ቶሮንቶ ላሉ የሐበሻ ልጆች እየሞከርኩት ነው። የእኛ እናቶች ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ሲነገራቸው ያደጉ ናቸው፤ ልጅ ገንዳ አጠገብ ሲቆም ልባቸው አይረጋም። ስለዚህ ከልጆቹ በፊት እነሱን ሰብስቤ ጠየቅኋቸው። ሴት ልጆቹን ሴት አሠልጣኝ እንድታስተምራቸው፣ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ እንዲፈቀድ፣ እነሱም ከገንዳው ዳር ወንበር እንዲኖራቸው ፈለጉ። ሁሉም ተፈቀደ። እሑድ ጠዋት የነበረው ክፍል ከቅዳሴ ጋር ይጋጭ ስለነበር ወደ ቅዳሜ ከሰዓት አዛወርነው። አሁን ከእናቶቹ ሁለቱ ራሳቸው ለመማር ተመዝግበዋል።